ቱርቦ ባለው መኪና ላይ የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ጌጅ አገጣጠም

ቅዳሜ ጠዋት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ወደ አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ረገጥኩ። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጥር ያነባል። «11.7» አለ። እኔ ፊት ያለው ጌጅ ግን 11.2 ይላል። ደገምነው። እሱ 11.7፣ እኔ 11.2። ሞተሩ አንድ፣ ሴንሰሩ አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሁለት።

«ታዲያ የቱ ነው የሚዋሸው?» አለኝ።

መልሱ ከዳሽቦርዱ በታች፣ አንዲት ቀለም የተቀባች ቡሎን ላይ ተገኘ። ወደ እሷ እንመለሳለን። እስከዚያው አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ይህ ጌጅ የሚያሳያችሁ የሞተሩን ሁኔታ ብቻ አይደለም። እንዴት እንደገጠማችሁትም አብሮ ያሳያል። ጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የሚገባውን ሴንሰር የተሳሳተ ቦታ ካስገባችሁት፣ ሽቦውን በግዴለሽነት ካሰራችሁት፣ የሚያምር የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ነገር አብዛኛው ስለ ቦታና ስለ ሽቦ ነው። ጌጁን መጨረሻ ላይ ጠቅ አድርጎ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

መኪናዬ የ2011 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ናት፤ 2.5 ሊትር፣ ከፋብሪካ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጨቁን) ያላት። ሌላ ዓይነት ቱርቦ ባለው የቤንዚን መኪና ላይም አካሄዱ ያው ነው። የሚለየው የቧንቧው መንገድና የፊውዝ ሳጥኑ ቦታ ነው። ናፍጣ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

1 ኪሎ ቤንዚን አለትርፍ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቁጥሩ ከዚህ ሲወርድ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ በመካኒኮች ቋንቋ «ሪች»። ሲወጣ ደግሞ ቤንዚን አንሷል፤ «ሊን»። ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንሽ ሊን ቢሆን ብዙ ጊዜ ይታገሳል። ቱርቦ ያለው አይታገስም። አየር ተጨቁኖ ሲገባ በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱም ሙቀቱም ይንራል። በዚህ ላይ ቤንዚን ካነሰ ድብልቁ ካንዴላው ካቀጣጠለው ውጭ በራሱ ይፈነዳል፤ ፒስተኑ በመዶሻ እንደተመታ ይሆናል። የሱባሩ 2.5 ቱርቦ ያለው ሰው ይህን ወሬ ያውቀዋል። የዚያ ሞተር ፒስተን ፋሻዎቹ መሃል ያለችው ስስ ግድግዳ ናት ቀድማ የምትሰበረው።

ለዚህ ነው ቱርቦ መኪና ሲረገጥ 11 አካባቢ የሚሮጠው። ትርፉ ቤንዚን አይቃጠልም፤ ያቀዘቅዛል።

አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «እዚህ አሜሪካ የምንቀዳው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ታዲያ 14.7 ልክ ነው ወይ?» ለኢ10 ትክክለኛው ቁጥር 14.1 ገደማ ነው። ጌጁ ግን ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። እሱ የሚለካው በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ተረፈ ወይስ ጎደለ የሚለውን ነው፤ ውጤቱን በ14.7 አባዝቶ ያሳያል። ስለዚህ ኢ10 ሞልታችሁም ልክ የሆነ ድብልቅ 14.7 ተብሎ ነው የሚነበበው። ስሌት አትቀይሩ።

የትኛውን ልግዛ?

በድሮ ጊዜ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ መብራት የሚጨፍሩ ጌጆች ነበሩ። አሁንም በርካሽ ይሸጣሉ። አትግዙ። እነሱ የሚያነቡት ከድሮው ጠባብ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ያ ሴንሰር ከ0 እስከ 1 ቮልት ያወጣል፤ 0.45 ቮልት አካባቢ ላይ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይገለበጣል። ከ14.7 በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ይነግራችኋል፤ 11 ነው ወይስ 12.5 የሚለውን ግን በአግባቡ አይነግራችሁም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ነው።

የሚያስፈልገው ሰፊ ምጣኔ የሚያነብ፣ «ዋይድባንድ» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው የሚገጥማቸው የኤኢኤም ኤክስ ሲሪስና የኢኖቬት ኤምቲኤክስ-ኤል ናቸው። ከሁለቱም ጋር አሁን የሚመጣው ሴንሰር የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው። ጌጃቸው 52 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ማንኛውም መደበኛ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። እኔ የገዛሁት የኤኢኤሙን ነው። ምክንያቴ ትልቅ አይደለም፤ ኢኖቬቱ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ አየር ላይ ካሊብሬት ይደረጋል (ልኬቱ ይስተካከላል)፣ የኔው አያስፈልገውም። ሰነፍ ሰው ነኝ።

ሴንሰሩን ብቻውን በርካሽ ስታገኙ ተጠንቀቁ። የቦሽ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። በዚህ ነገር ሶማሌ ተራም ኢንተርኔትም አንድ ናቸው፦ ዋጋው ከሌላው ግማሽ ከሆነ ምክንያት አለው።

ምን ምን ይዘጋጅ?

ክሪክና ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግቡ፤ ይህን መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ። ለኦክስጅን ሴንሰር የሚሆን 22 ሚሊ ሜትር መፍቻ፣ ጎኑ ለሽቦው የተሰነጠቀው። ኤም 18 በ1.5 ጥርስ ያላት የምትበየድ ቀለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኪቱ ጋር ትመጣለች። የዚያው ልክ መድፈኛ ቡሎን። ቴስተር፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ጫፍ መጭመቂያ። በሙቀት የሚሸማቀቅ የሽቦ ልባስ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ። በአንድ የፊውዝ ቦታ ሁለት ፊውዝ የምትይዘዋን ትንሽ ቁራጭም ግዙ፤ ጥቂት ዶላር ናት፣ ሽቦ ከመላጥ ታድናችኋለች። የዛገ ቡሎን የሚያላላ ዘይት ከዋዜማው ጀምሮ ርጩበት።

ለሥራው አንድ ሙሉ ቀን ያዙ። ብየዳውን ሌላ ሰው ከሠራላችሁ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ ሁለተኛው ቅዳሜ በዚያች ቡሎን ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ለሴንሰሩ ቦታ ፈልጉ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ቀስ በሉ።

ሴንሰሩ ከቱርቦው በኋላ ነው የሚገባው። በሞተሩና በቱርቦው መካከል አይገባም። እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ንባቡ ይዛባል፤ ሙቀቱም ሴንሰሩን ይገድለዋል። ቱርቦው ከጭሱ ኃይል ሲወስድ ሙቀቱም ግፊቱም ይቀንሳል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ሕይወት ይቀላል።

ቱርቦው አፍ ላይም አትለጥፉት። የገዛችሁት ኪት ዝቅተኛውን ርቀት በመመሪያው ላይ ይጽፋል፤ ያንን አክብሩ። እኔ ቦታ ካለ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር እመርጣለሁ። በጣም ከቀረበ ይቃጠላል። በጣም ከራቀ ደግሞ ቁጥሩ ዘግይቶ ይመጣል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ጊዜም ከማርሚታው በኩል የሚመለስ አየር ሊደርስበት ይችላል።

ሦስተኛው ሕግ፦ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በፊት ይሁን። ካታሊቲኩ ሥራው ጋዙን መለወጥ ነው። የተለወጠ ጋዝ ለክታችሁ ሞተሩ ምን እንዳደረገ በትክክል ማወቅ አትችሉም። በአንዳንድ መኪና በቱርቦውና በካታሊቲኩ መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። እዚህ ላይ «ካታሊቲኩን ነቅለህ ጣለው» የሚል መካሪ አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ይህ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ለጌጅ ሲባል መኪናችሁን ከመንገድ አታስወጡ። የኔን መኪና ቧንቧ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቀይሮታል፤ ካታሊቲኩ ወደ ታች ወርዶ ስለተቀመጠ በቂ ቦታ አገኘሁ።

አራተኛው የአቀማመጡ ማዕዘን ነው። ቧንቧውን እንደ ሰዓት ፊት አስቡት። ሴንሰሩ ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ቅስት ውስጥ ይግባ፤ የእጅ ሰዓት 10 እና 2፣ የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት አታምታቱ። ቢያንስ ከአግድሙ 10 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት። ምክንያቱ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ እንፋሎት ጤዛ ይሆናል። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ደግሞ በራሱ ማሞቂያ ወደ 780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል አስታውሱ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተንጠለጠለ ሴንሰር ውሃው ተጠራቅሞበት ይሰነጠቃል።

ቦታውን በጠመኔ ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ ሴንሰሩን ይዛችሁ ለኩት። መፍቻው ይገባል? ሽቦው የሚንቀሳቀስ ነገር ይነካል? ቧንቧው ሲንቀጠቀጥ ከወለሉ ጋር ይጋጫል? እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ቦታ በጣም ጥሩ ነበር፤ ችግሩ መፍቻ ማስገባት አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ብየዳ

ቧንቧውን አውጡት። መኪናው ላይ እንዳለ አይበየድ፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። የግድ መኪናው ላይ ከሆነ ባትሪው ይነቀል።

በያጁ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ቧንቧው ስቴንለስ ከሆነ ቀለበቷም ስቴንለስ ትሁን። ቀዳዳው የሴንሰሩን ጫፍ ያለመነካካት ያሳልፍ፤ በትራፓኖ ሲበሳ የወጣው ፍርፋሪ በሙሉ ከውስጥ ይጠረግ። ሲበየድ ቀለበቷ ውስጥ አሮጌ ሴንሰር ወይም መድፈኛ ቡሎን ይግባ፤ ሙቀቱ ክብነቷን እንዳያበላሽ። አዲሱን ሴንሰር አስገብቶ መበየድ ግን መግደል ነው። ብየዳው ዙሪያውን ያለ ክፍተት ይዞር። ከቀዘቀዘ በኋላ መድፈኛው በእጅ ካልገባ ጥርሱን በኤም 18 በ1.5 ጥርስ ማውጫ አንድ ጊዜ አጽዱት።

እኔ ብየዳ አልችልም። ጭስ ማውጫ የሚሠራ ጎረቤት ጋ ወስጄ አንድ ምሳ ከፍዬ አሠራሁት።

ቧንቧውን መልሳችሁ ስትገጥሙ ከቱርቦው ጋር የሚያገናኘውን ጋስኬት በአዲስ ቀይሩ። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ክፍተት ካለ በሚኒሞ ጊዜ የውጭ አየር ይስባል፤ ጌጁ «ሊን» ይላችኋል። እናንተም በጤነኛ ሞተር ላይ ቤንዚን ትጨምራላችሁ። ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጠፍቶ፣ የቫኩም ክሊነሩን የሚነፋውን ጫፍ ወደ ጭስ ማውጫው አስገቡና ዙሪያውን በጨርቅ ወትፉ። ከዚያ መገጣጠሚያውና ብየዳው ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ። አረፋ የሠራበት ያፈሳል።

ደረጃ 3፦ ሽቦውን ወደ ጋቢና አስገቡ

ሴንሰሩን ገና አታስገቡ። ቀለበቷ በመድፈኛ ተዘግታ ትቆይ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።

ሽቦው ከታች ወደ ላይ ወጥቶ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ግድግዳ ያልፋል። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት የፋብሪካው ሽቦ እሽግ የሚያልፍበትን ትልቅ ጎማ ፈልጉ። ጎማው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰንጥቃችሁ፣ ሽቦውን በሽቦ ማንጠልጠያ አስራችሁ ሳቡት። ባዶ ብረት ላይ ሽቦ አታሳልፉ፤ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

መንገዱ ላይ ሦስት ጠላት አለ፦ ቱርቦውና ቧንቧው፣ የመሪው ዘንግ፣ ፔዳሎቹ። ከሦስቱም ራቁ። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፤ ሴንሰሩ አጠገብ ግን ትንሽ ላላ አድርጉት፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይጎትተው።

ሽቦው ቢረዝምባችሁ ጠቅልላችሁ እሰሩት። አትቁረጡት። በተለይ ሴንሰሩ ራሱ ላይ ያለውን ሶኬት ማንም እንዳይነካው። በዚያ ሶኬት ውስጥ ፋብሪካው ለዚያ ለአንዱ ሴንሰር ብቻ የለካት ትንሽ ሬዚስተር አለች። ሶኬቱን ቆርጣችሁ ሌላ ብትቀጥሉ ካሊብሬሽኑ አብሮ ይሄዳል፤ ጌጁ ይሠራል፣ ቁጥሩ ግን የሌላ ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ኃይልና ማሳ

ቀዩ ሽቦ ቁልፉ «ኦን» ላይ ሲሆን ብቻ 12 ቮልት ማግኘት አለበት። ቁልፉ ሲወጣ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ማሞቂያው ባትሪያችሁን ይጨርሰዋል። ሬዲዮው ወይም ሲጋራ መለኮሻው ላይ አትቀጥሉ። በብዙ መኪና እነዚህ ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ይጠፋሉ፤ ሴንሰሩም በተነሣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። በቴስተር ፈልጉ፦ ቁልፍ ጠፍቶ ዜሮ፣ ኦን ላይ 12፣ ሞተር ሲያነሣ የማይቋረጥ። ያንን ስታገኙ ባለ ሁለት ፊውዟን ቁራጭ እዚያ ሰክታችሁ ለጌጁ የራሱን 10 አምፒር ፊውዝ ስጡት። ለፍተሻው ባትሪውን መልሳችሁ መግጠም አለባችሁ፤ ስትጨርሱ እንደገና ንቀሉት።

አሁን ወደዚያች ቡሎን።

ጥቁሩ ሽቦ ማሳ ነው፤ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው። እኔ ቸኩዬ ነበር። ከመሪው በታች ዳሽቦርዱን የያዘች አንዲት ቡሎን አየሁ፤ ብረት ላይ ገብታለች፣ በቃ ማሳ ናት አልኩ። ፈታኋት፣ የሽቦውን ቀለበት አስገባሁ፣ አጠበቅኳት። ጌጁ በራ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያ 11.2 እና 11.7 መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌጁ ፊቱ ላይ የሚያሳየው የራሱን ልኬት ስለሆነ ብዙም አይዛባም። ለላፕቶፑ ወይም ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚልከው ግን በነጩ ሽቦ የሚወጣ ቮልት ነው። ቮልት ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ መነሻ ነው የሚለካው። ያቺ ቡሎን የገባችበት ብረት ቀለም ተቀብቷል። ማሞቂያው ኃይል ሲስብ በቀለሙ መሃል እየተጋፋ ሲያልፍ የጌጁ «ዜሮ» ከመኪናው «ዜሮ» ትንሽ ከፍ አለ። በቴስተር ለካሁት፤ በቡሎኗና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል፣ ጌጁ በርቶ፣ 0.2 ቮልት። በኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ጌጅ ቮልቱን በ2.375 አባዝታችሁ 7.3125 ስትጨምሩበት ነው ምጣኔው የሚወጣው። 0.2 ሲባዛ በ2.375፣ ግማሽ ነጥብ ገደማ። እነሆ 11.7።

ግማሽ ነጥብ ቀልድ አይደለም። የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ሰው ያንን ቁጥር አይቶ «ሊን ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢዛባ ደግሞ ይቀንሳል። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ፒስተን ያስከፍላል።

ስለዚህ ማሳውን ባዶ ብረት ላይ አድርጉት። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቁ። ቀለበት ያለው የሽቦ ጫፍ ተጠቀሙ፣ አጥብቁ፣ ከላይ ትንሽ ቅባት ቀቡት እንዳይዝግ። የሚልከውን ቮልት የምትጠቀሙ ከሆነ ቡኒውን ሽቦ፣ ማለትም የመልእክቱን መነሻ፣ ከሞተሩ ኮምፒውተር የሴንሰር ማሳ ጋር አገናኙ። የቀለሞቹ ነገር የኔ ኪት ነው፤ የናንተ የተለየ ከሆነ ሥዕሉን እመኑ።

ከዚያ ባትሪውን መልሱና ልክ እንደኔ ለኩ። ጌጁ በርቶ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ማሳው ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ። ከጥቂት መቶኛ ቮልት በላይ ካሳየ ቦታ ቀይሩ። እኔ ፍቄ ስገጥም ወደ 0.01 ወረደ። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ «11.3» አለ፣ ጌጁም 11.3። «ለዚህ ነው ሁለት ቅዳሜ ያቃጠልከኝ?» አለኝ።

ደረጃ 5፦ ጌጁ የት ይቀመጥ?

ብዙ ሰው ከፊት መስተዋቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ይገጥመዋል። ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን በአዳዲስ መኪኖች ያ ምሰሶ የመጋረጃ ኤርባግ ጎረቤት ነው። ኤርባጉ ሲፈነዳ ፕላስቲኩም ጌጁም ወደ ፊታችሁ ሊመጡ ይችላሉ። እኔ መሪው ዘንግ ሽፋን ላይ በሚቀመጥ ማቀፊያ ነው ያደረግሁት። ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ስለሆነ ዓይኔ ሩቅ አይሄድም። የመሪውን ከፍታ ስታስተካክሉ ሽቦው እንዳይጎተት ብቻ ተመልከቱ።

ደረጃ 6፦ ከማስገባታችሁ በፊት አብሩት

ሴንሰሩን ከሽቦው ጋር ሰክታችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ከሽቦው በኩል፣ ከጫፉ ርቃችሁ። ቁልፉን ኦን አድርጉ። ሞተር አታንሡ። ጫፉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ምንጣፍ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ቤንዚን አጠገብ አታስቀምጡት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጌጁ በሊን በኩል ያለውን የመጨረሻ ቁጥር ያሳያል፤ ንጹሕ አየር ውስጥ ስለሆነ ትክክል ነው። የኢኖቬቱን የገዛ ሰው ካሊብሬሽኑን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ መድፈኛውን አውጥታችሁ ሴንሰሩን በእጅ አስገቡ። አዲስ የቦሽ ሴንሰር ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። መጨመር ካስፈለገ ጥርሱ ላይ ብቻ፤ ጫፉ ጋ አንዲት ጠብታ ከደረሰች ተበላሸ። ማጥበቂያው ከ40 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ነው።

አንድ ሕግ አለ፣ የማይጣስ። ሴንሰሩ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ኃይል ሳያገኝ ሞተር አይነሣ። ቀዝቃዛ ሴንሰር ላይ ጥላሸትና ውሃ ይከማችበታል፤ በጥቂት ጉዞ ይሞታል። ጌጁን ለጊዜው ማውጣት ካለባችሁ ሴንሰሩም ይውጣ፣ መድፈኛው ይመለስ።

ደረጃ 7፦ ማንበብ

ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ቁጥሩ ከ14.7 በታች ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይወዳል። ሲሞቅ በሚኒሞ 14.7ን እየዞረ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መወዛወዝ ጤና ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሴንሰር እያረመ ነው። በቀጥታ መንገድ ረጋ ብላችሁ ስትነዱም እዚያው ነው።

እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሡ ቁጥሩ በአንዴ ሽቅብ ወጥቶ መጨረሻ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ቀን ይህን ያየ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስለዘጋው ነው። አየር ብቻ እያለፈ ነው፤ የሚጎዳ ነገር የለም።

ዋናው የሚነበበው ቡስት ላይ፣ ማለትም ቱርቦው አየር ሲጨቁን ነው። የኔዋ ሙሉ በሙሉ ስትረገጥ ከ10.8 እስከ 11.5 ባለው ውስጥ ትቆያለች፤ እዚያ ስትሆን ቁጥሩን አላፈጥበትም። ሙሉ ቡስት ላይ ወደ 12.5 መውጣት ከጀመረ እግሬን አነሣለሁ። 13 ካየሁ ያን ቀን ቀስ ብዬ ነው ቤቴ የምገባው። የቤንዚን ፓምፕ ሊደክም፣ ማጣሪያው ሊዘጋ፣ ከአየር መለኪያው በኋላ ያለ ቱቦ ሊላቀቅ ይችላል።

ግን አንድ ማሳሰቢያ። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ነው እንጂ ቤንዚን አይደለም። አንድ ካንዴላ ካልሠራ በዚያ ሲሊንደር ያለው አየር ሳይቃጠል ይወጣል። ጌጁም «ሊን» ይላል፤ ቤንዚኑ ግን ሙሉ ነው። ሞተሩ እየተንተፈተፈ ሊን ካሳየ ቤንዚን ከመጨመራችሁ በፊት ካንዴላና ኮይል ተመልከቱ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ስለ ከፍታው ጠይቆኛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ እዚህ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ያንን ለማካካስ የበለጠ ይሮጣል። ጌጁ ግን የሚለካው ምጣኔ ነው፣ መጠን አይደለም፤ የሚፈለገው ቁጥር እዚያም ያው ነው።

ሴንሰሩን የሚገድሉት

እርሳስ ቀዳሚው ነው። ኦክቴን ለመጨመር የአውሮፕላን ቤንዚን የሚቀላቅሉ አሉ፤ በብዛት የሚሸጠው 100ኤልኤል እርሳስ አለበት። ሁለተኛው የሚቃጠል ዘይትና የራዲያተር ውሃ ነው። ሦስተኛው ሰው የማይጠረጥረው ሲሊኮን ነው፤ ጋስኬት ስትለጥፉ ማሸጊያው ላይ ለኦክስጅን ሴንሰር ጉዳት የለውም የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብቡ። ቁጥሩ መንቀራፈፍ ከጀመረ ወይም ንጹሕ አየር ላይ መጨረሻው ቁጥር ድረስ አልወጣም ካለ ሴንሰሩን ቀይሩት። ጌጁ ራሱ ብዙ ጊዜ አይሞትም።

ያቺን የኤም 18 መድፈኛ ቡሎንና የ22ቱን መፍቻ ከመኪናው አታውጡ። የኔዎቹ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልለው ከተጠባባቂው ጎማ ሥር ናቸው። አንድ ጊዜ ከቤት 200 ማይል ርቄ ፊውዙ ተቃጠለ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ሴንሰሩን አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ደፍኜ ነው የመጣሁት።